የእድሩ ድስቶች

በገዳሪፍ ከተማ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ ከአንድ የእህል መጋዘን ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል አለች። የእድራችን ዕቃ ቤት ናት። በውስጧ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቃሬዛ፣ አካፋና ዶማ፣ ሰሐንና ብርጭቆ፣ እንዲሁም ሁለት ጎልማሶች ተጋግዘው የሚያነሡአቸው አራት ትልልቅ ድስቶች ይቀመጡባት ነበር። በየድስቱ ጎን «የእድር ንብረት» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ያችን ክፍል ከፍቶ የሚገባ ሰው አንድ ድስት ብቻ ያገኛል፤ እርሱም ታቹ ተቃጥሎ የተበሳ ነው። ብዕር ያነሣሁት የቀሩት ሦስቱ የት እንደ ደረሱ ለአንባቢ ለመንገር ነው። ይሁን እንጂ የድስቶቹ ነገር የሚጀምረው ከአንድ ሰው ቀብር ነው፤ በዚያ ቀብር ላይ ደግሞ ጥፋት አለብኝ። ስለዚህ ታሪኩን የምናገረው ከተከሳሽ ወንበር ሆኜ ነው።

ወደ ገዳሪፍ የገባሁት በ1971 ዓ.ም. ነው። ተማሪ ነበርሁ። ከጎንደር ተነሥተን በጭልጋና በሸህዲ አድርገን፣ ቀን ተደብቀን ሌሊት እየተጓዝን መተማ ደረስን። መተማን ከገላባት የሚለየው በበጋ ውኃ የሌለው አንድ ጠባብ ወንዝ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚያው መተማ ነው። በልጅነታችን ያን ጦርነት ስንማር፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሕዝብ በአእምሯችን የተሣለው ጎራዴ እንደ መዘዘ ነበር። እኔ ወንዙን ስሻገር ያገኘኋት የመጀመሪያዋ ሱዳናዊት ግን አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ በቅል ውኃ አጠጡኝ፣ የማሽላ ገንፎ አቀረቡልኝ፣ ከየት እንደ መጣሁም ሆነ ወዴት እንደምሄድ ሳይጠይቁ በገመድ አልጋቸው ላይ አስተኙኝ። ከዚያ በኋላ ባለፉት ዓመታት ስለዚህ ሕዝብ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ክፉም ደጉም ደርሶብኛል። የዚያች ሌሊት ውኃ ግን ከአእምሮዬ ጠፍታ አታውቅም።

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። በክረምት ጥቁሩ መሬት ጭቃ ይሆንና መኪናም እግርም ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በከተማዋ ውኃ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ሲሸጥ የኖረ ነገር ነው። እኔም መጀመሪያ ተሸካሚ፣ ኋላም የአንድ እህል ነጋዴ ጸሐፊ ሆንሁ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከትግራይና ከወሎ የተነሣው ሕዝብ በእግሩ ወደዚህ አገር ሲጎርፍ ዓይቻለሁ። ኡም ራኩባንና ተዋዋን ያኔ ያየ ሰው፣ መቃብር ቆፋሪ ከሕያው ጋር ተካክሎ የሚኖርበትን ዘመን አይቷል ማለት ይቻላል። ከቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችንም ብዙዎች በነዚሁ መጠለያዎች አልቀዋል። ያለ ከፈን፣ ያለ ለቅሶ የተቀበሩትን ያየን ሰዎች ነን እንግዲህ፣ ኋላ እድር ያቋቋምነው።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ብዙዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ። አንዳንዶቻችን ግን ልጅ ወልደን፣ ሥራ ይዘን፣ ወይም መመለሻው ጠፍቶን ቀረን። በ1986 ዓ.ም. ሃያ ሦስት አባወራዎች ተሰብስበን እድር መሠረትን። ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ያዥ መረጥን፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ እኔ ጸሐፊ ሆንሁ። እድር በአገራችን ከተሞች በይበልጥ የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። ከየገጠሩ ተነቅሎ ወደ ከተማ የገባ ሰው ዘመድ ስለ ሌለው፣ በመዋጮ ዘመድ ያበጃል። የእኛም እንደዚያው ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አማራውም ትግሬውም ኦሮሞውም ገባበት። መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ስለ ነበርሁ እያንዳንዱን አንቀጽ በቃሌ አውቀው ነበር። በአራተኛው አንቀጽ፣ ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረ ወይም የሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ ሰው የእድሩን አገልግሎት አያገኝም ይላል። በስድስተኛው ደግሞ የእድሩ ዕቃ አባል ላልሆነ አይሰጥም ይላል። አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሁለት አንቀጾች ያዝልኝ።

በ1996 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ሰሊጡ ተሰብስቦ ማሽላው ሊደርስ ሲል፣ አንዲት ሻይ ሻጭ ሌሊት በሬን አንኳኳች። ከእህል ገበያው አጠገብ በከሰል ምድጃና በጥቂት በርጩማዎች የምትተዳደር ሴት ናት፤ እኛ ሁላችን «እቴ» እንላታለን። ከእርሷ ዘንድ ለአሥራ አንድ ቀን በመጠለያዋ ጥላ ሥር የተኛ አንድ የቀን ሠራተኛ እንደ ሞተ ነገረችኝ። ልጁ ከጎጃም የመጣ ነው። በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ይገባሉ። ሌሊት ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር ይተኛሉ። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ትንሿ የአሸዋ ዝንብ የምትኖረውም እዚያው ነው፤ በጥቁሩ መሬት ስንጥቅ ውስጥና በዛፎቹ ሥር። በሽታው ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ያመጣል፤ ሰውነትን ያከሳል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ካልታከሙት ይገድላል። ልጁ ወባ መስሎት ቆይቷል። እቴ ወደ ሕክምና ስትወስደው ጊዜው አልፎ ነበር።

«ጋሼ፣ ቃሬዛውንና ድንኳኑን ይስጡኝ፤ ሰውም ይጥሩልኝ» አለችኝ።

«አባል ነው?» አልኋት። ዛሬ ይህን ቃል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

«የሰው ልጅ ነው» አለችኝ።

«እኅቴ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ደንቡን መጣስ አልችልም። ስሙ በመዝገብ የለም።»

«ስሙን እኔ አውቀዋለሁ፤ ልንገርዎትና አሁን ይጻፉት» አለችኝ። አልጻፍሁም። ነገ ከዳኛው ጋር እንነጋገራለን ብዬ መለስኋት። ልቤ ግን ዳኛው እሺ እንደማይል ያውቀው ነበር፤ ይህን ማወቄም ሌሊቱን እንድተኛ ረድቶኛል።

ሲነጋ የሆነውን ልንገራችሁ። በገበያው ውስጥ ጆንያ የሚሸከሙ ሱዳናውያን ከእቴ ዘንድ ሻይ ሲጠጡ ሬሳውን አዩት። በእነርሱ ዘንድ «ነፊር» የሚሉት ወግ አለ። የእኛን ደቦና ጅጌ ይመስላል፤ ጥሪ ሲሰማ ሥራውን የሚተው ትቶ ይመጣል፤ እርሻ ያርማል፣ ቤት ያቆማል፣ ሙት ይቀብራል። ሰዎቹም ተጠራሩ። የአንዱን የገመድ አልጋ አመጡ፤ ሌላው ነጭ ጨርቅ ገዛ። ልጁ በአንገቱ ማተብ ስለ ነበረበት ወደ ክርስቲያኖች መቃብር ሊወስዱት ተስማሙ። ረፋድ ላይ አንድ ሽበታም ተሸካሚ ከቤቴ መጡ። ሰላምታ ሰጥተው፣ «የሐበሾች ማኅበር አካፋ አለው ይባላል፤ ታውሱናላችሁ?» አሉኝ። ዕቃ ቤቱን ከፍቼ አካፋውን ሰጠኋቸው። የስድስተኛው አንቀጽ ነገር አልታወሰኝም፤ ወይም ላስታውሰው አፈርሁ። ተከትያቸው ሄድሁ። የአገሬን ልጅ የማያውቁት እስላሞች በክርስቲያን መቃብር ሲቀብሩት፣ እኔ የእድሩ ጸሐፊ ዳር ቆሜ ተመለከትሁ። ማታ ሽማግሌው አካፋውን አጥበው መለሱልኝ። ምንም አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

የእድራችን ስብሰባ በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ላይ ነው፤ እዚህ አገር የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለ ሆነ። በተከታዩ ወር እቴ ሳትጠራ መጣች፤ ሰባት ሻይና ምግብ ሻጮችም አብረዋት መጡ። የእነዚህ ሴቶች ሁኔታ ምን እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1983 ዓ.ም. በፊት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ይሰጥ የነበረው የስደተኝነት ከለላ ከየካቲት 1992 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲያበቃ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች ያለ ወረቀት ቀሩ። በዚያ ላይ በመንገድ ዳር ሻይ መሸጥ ራሱ በየጊዜው በሚደረግ አፈሳ ምድጃና በርጩማ የሚወረስበት ሥራ ነበር፤ ሴቲቱ የቅጣት ገንዘብ ካልከፈለች ትታሰራለች። እኛ ደግሞ በእድራችን አባል የምናደርገው አባወራን ብቻ ነው፤ ሚስት በባሏ ስም ትገባለች፤ ባል የሌላት ሴት ግን መግቢያ በር አልነበራትም። ይህን ስንጽፍ ማንንም ለመበደል አላሰብንም። አገር ቤት ያየነውን ነበር የጻፍነው።

ገንዘብ ያዣችን ቅን ሰው ነበሩ፤ ንግግራቸውም ከንቱ አልነበረም። «በየዓመቱ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ሁሉ እንቅበር ካልን ሣጥናችን እስከ ገና አይደርስም። ያኔ ለዓመታት የከፈለውን አባል ምን ልንለው ነው? ርኅራኄ በባዶ ሣጥን አይሆንም» አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እኔም ጸሐፊ ሆኜ ቃሉን እየመዘገብሁ በልቤ እውነታቸውን ነው አልሁ።

እቴ ተነሥታ ስትመልስ ስለ ርኅራኄ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስለ ገንዘብ ነበር የተናገረችው። «እኛ አሥራ ሁለት ሴቶች በየቀኑ ሰንዱቅ እንጥላለን» አለች። ሰንዱቅ ሱዳኖች እቁብን የሚጠሩበት ስም ነው። «ዕጣ እናወጣለን። ከመካከላችን አንዲቱ ታፍሳ ዕቃዋ ከተወረሰ ግን የዚያን ቀን ዕጣ አይወጣም፤ ገንዘቡ ለእርሷ ነው። ተራዋ ገና ቢሆንም ይሰጣታል፤ ተራዋ ሲደርስ አትወስድም። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልጎደለብንም። እናንተ ሠራተኛውን በነፃ ቅበሩት አላልኋችሁም። ከእርሻ ሲመጣም ወደ እርሻ ሲሄድም ሻይ የሚጠጣው ከእኛ ዘንድ ነው። ለአረም ሲመጣ እኛ እንመዝግበው፤ አጨዳ ጨርሶ ሲከፈለው ጥቂት ይክፈል። ታሞ ስናየውም ሳይሞት እንነግራችኋለን። የሞተ ሰው ወጪው ከታመመ ሰው ይበልጣል፤ ሒሳቡን ሥሩት።»

ክርክሩ ሦስት ዓርብ ወሰደ። በመካከሉ አዲስ አበባ የምትኖር እኅቴ የጻፈችልኝ ደብዳቤ ጠቀመኝ። በእርሷ ሰፈር የነበረው እድር በኤች አይ ቪ ሰበብ የሚሞተው ሰው ስለ በዛበት፣ ቀብር ብቻ ከማውጣት ሕመምተኛን በቤቱ መጠየቅና ወላጅ የሞቱባቸውን ሕፃናት መርዳት እንደ ጀመረ ጽፋልኝ ነበር። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ እንዲህ ያደረጉ እድሮች ጥቂት አልነበሩም። ደብዳቤውን ለስብሰባው አነበብሁ። በመጨረሻ ሦስት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ ወንድም ሆነ ሴት በየራሱ ስም አባል ይሆናል፤ ድምፅም ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ለወቅት ሠራተኞች ሌላ መዝገብ ይከፈታል፤ መዝጋቢዎቹ ሻይ ሻጮቹ ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ ከገቢው ሢሶው ለሕያዋን ይውላል፤ ለመታከሚያ፣ ለመቀጫ፣ የተወረሰ ዕቃ ለመተኪያ። አምስት አባላት በዚህ ተቆጥተው ወጡ። ገንዘብ ያዡ ግን አልወጡም፤ «ከተወሰነ እንግዲህ ሒሳቡን በሚገባ ልያዘው» ብለው ቀሩ።

አዲሱ የወቅት መዝገብ ሲገዛ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የዚያን ልጅ ስም ጻፍሁ። እቴ ነግራኝ ነበር። በመዋጮው ዓምድ ላይ ባዶ ተውሁት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ቤተሰቦቹ መርዶውን ከመጽሔት ሊሰሙ አይገባም።

አንባቢ ነገሩ ሁሉ ከዚያ በኋላ ያማረ እንዳይመስለው እሰጋለሁ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰብሳቢ የአጨዳውን መዋጮ ይዞ ወደ ካርቱም ጠፋ፤ «አላልናችሁም?» የሚሉን በዙ። የካላዛር ሕክምና ደግሞ ለሳምንታት በየቀኑ መርፌ መወጋትን ይጠይቃል። ሠራተኛው ያን ያህል ጊዜ ያለ ሥራ ሲቀመጥ የሚበላው ስለ ሌለው፣ ሁለት ሦስት መርፌ ተወግቶ ትኩሳቱ ሲበርድለት ወደ እርሻው ይመለስ ነበር። መድኃኒቱን ትቶ መሄዱን ስንፍና እንል ነበር። ምክንያቱ እንጀራ መሆኑን የነገሩን ሴቶቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለታካሚ ምሳ በተራ ማድረስ ጀመርን። የእድሩ ድስት ለሀዘን ላልሆነ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እሳት ላይ የተጣደው ያኔ ነው።

ሴቶቹም በርትተዋል። በካርቱም ዐዋድያ ማሕሙድ ኮኮ የምትባል ሻይ ሻጭ፣ የመንገድ ዳር ምግብና ሻይ ሻጮችን በኅብረት ሥራ ማኅበር አሰባስባ መብታቸውን ስታስከብር እንደ ኖረች፣ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሽልማት ስትቀበል ነው አብዛኞቻችን የሰማነው። የእቴ ጓደኞች ግን ቀድመው ያውቋት ነበር። ወሬ ከምድጃ ወደ ምድጃ ይሄዳል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የካርቱም የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ሲሻር፣ በብዙ ሴቶች ላይ ለዓመታት የተነሣ ጅራፍ አብሮ ወደቀ። ያን ቀን እቴ ለሁሉም ሻይ በነፃ አጠጣች፤ በማግሥቱ ግን ዋጋ ጨመረች፤ ስኳር ተወዶ ነበርና።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ተነሣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40,000 በላይ ሰው በሐምዳየትና በሉግዲ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ። በሐምዳየት የሚኖሩ ሱዳናውያን ራሳቸው ከሚበሉት ላይ ከፍለው ቤታቸውን ከፈቱ። በ1977 ዓ.ም. ያየሁት ኡም ራኩባ እንደ ገና መጠለያ ሆነ። በእድራችን ውስጥ አማራም ትግሬም ነበር። በዓርብ ስብሰባ ላይ ወንበሩ በሁለት ረድፍ ተከፈለ፤ ማንም አላዘዘም፤ ሰው በራሱ ጊዜ ነው የተለያየው። ሰላምታው አጠረ። የወንድሜ ልጅ በዚያ ጦርነት ወድቆ መርዶው በታኅሣሥ ደረሰኝ። በዚያው ሳምንት አንድ የትግራይ ተወላጅ አባላችን፣ ስልክ ተቋርጦ ስለ ነበር፣ የእናታቸውን ሞት ከኡም ራኩባ በመጣ ስደተኛ አፍ ሰሙ።

እድሩ ያለው ድንኳን አንድ ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ መጥተው፣ «ለአንተ ይተከል፤ እርሳቸው ሌላ ይፈልጉ» አሉኝ። እውነት ለመናገር ልቤ ይህን ይፈልግ ነበር። ግን መዝገቡ በእጄ ነው። የአባል እናት ሲሞቱ ድንኳን ይተከላል ይላል፤ የየት አገር እናት አይልም። ሌላም ሌሊት ትዝ አለኝ፤ ደንብ ብዬ ሰው የመለስሁበት። ያኔ ደንቡን ለመንፈግ ካዋልሁት ዛሬ ለመስጠት ካላዋልሁት ጸሐፊነቴ ምንድን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አንድ ድንኳን ለሁለት ሀዘን ተተከለ። በመጀመሪያው ቀን የእርሳቸው ሰዎች በአንድ ጎን፣ የእኔ ሰዎች በሌላ ጎን ተቀመጡ። ምግቡ ግን ከአንድ ድስት ነበር የሚወጣው። በሦስተኛው ቀን ሰውየው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ጦርነቱ አልተናገርንም፤ ብንናገር እንጣላ ነበር። «ስንት ዓመቱ ነበር?» አሉኝ። «ሃያ ሁለት» አልኋቸው። «እናቴ ሰማንያ አልፈው ነበር፤ ያንተ ይብሳል» አሉኝ። ታርቀናል አልልም፤ እስከ ዛሬም በብዙ ነገር አንስማማም። እድሩ ግን አልፈረሰም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የሚሰደደው ተራ ለባለ አገሩ ሆነ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዋድ መደኒ ስትያዝ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ደግሞ ውጊያው ወደ ሲንጃ ሲደርስ፣ ሕዝቡ በጋሪ፣ በትራክተር፣ በእግሩ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። ትምህርት ቤቶቹ መኝታ ሆኑ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በገዳሪፍ የኮሌራ ወረርሽኝ ታውጆ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል በየሰፈሩ «ተካያ» የሚሉት የጋራ ማእድ ቤት ተከፈተ። ያቋቋሙት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ካርቱምን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት «ነፊር» ብለው የተሰባሰቡትን፣ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አል በሺር እስከሚወርዱ ድረስ በየሰፈሩ ኮሚቴ አቋቁመው የታገሉትን አርኣያ አድርገው፣ የድንገተኛ ምላሽ ክፍሎች የሚባሉትን መሠረቱ። ጠመንጃ የላቸውም፤ ምስር፣ ፉልና ስልክ ነው የያዙት። እ.ኤ.አ. በ2025 እነዚህ የሱዳን ክፍሎች ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኙ፣ እኛ በአንድ ድስት ሥር ሲማግዱ ያየናቸው ልጆች ትዝ አሉን።

አንድ ቀን ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ በሬን አንኳኳ። «አጎቴ፣ የሐበሾች ማኅበር ትልልቅ ድስት አለው ይባላል፤ ታውሱናላችሁ?» አለኝ። አካፋ የለመኑኝ ሽማግሌ ፊት ድቅን አለብኝ፤ እርሳቸው ያኔ በሕይወት አልነበሩም። ስድስተኛው አንቀጽ ግን አሁንም አለ። በ1996 ዓ.ም. ሦስት ዓርብ የፈጀው ዓይነት ክርክር በዚህኛው ጊዜ አንድ ሰዓት አልፈጀም። አንቀጹ ተሻረ፤ ሦስት ድስቶች በአህያ ጋሪ ተጭነው ሄዱ። አባሎቻችንም በተራ ሽንኩርት መክተፍና ውኃ መግዛት ያዙ። እቴ፣ አሁን ጉልበቷ ደክሟል፣ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ጨው የምትቀምሰው እርሷ ናት።

ከድስቶቹ አንዱ ተበስቶ ተመለሰ፤ በዚያው ለውጥ አራተኛውን ሰጠናቸው። አንዱ ከሲንጃ የመጡ ተፈናቃዮች ወደ ሰፈሩበት ቦታ ሄዶ በዚያው ቀረ። አንዱ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ገንዘብ በተገኘበት ቀን ይጣዳል፤ ባልተገኘበት ቀን ሕፃናት ሰሐናቸውን ይዘው መጥተው ይመለሳሉ። የአንደኛውን መድረሻ ማንም አያውቅም። ንብረት ያዣችን በመዝገቡ ላይ «ጠፋ» ብለው ሊጽፉ ሲሉ እቴ ከለከለቻቸው፤ «በሥራ ላይ» ብለው ጻፉ።

ይህን የምጽፈው ራሳችንን ለማመስገን አይደለም። ከወንዙ ማዶ፣ በእኛው አገር የሆነውንም ስለ ሰማሁ ነው። ከዚህ ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል የተሻገሩ ሱዳናውያን በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍረው ሳሉ፣ የታጠቁ ሰዎች እየዘረፉና እያጠቁ አስጨነቋቸው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ሺህ ያህሉ ከአውላላ ወጥተው ደኅንነት ፍለጋ በእግራቸው ሲሄዱ መንገድ ላይ ተገትተው ሰነበቱ። ክልሉ ራሱ በጦርነት ውስጥ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ነዋሪውም የሚዘርፈውና የሚገድለው አላጣም። ቢሆንም በ1971 ዓ.ም. በቅል ውኃ ያጠጡኝ አሮጊት የልጅ ልጆች በእኔ አገር መንገድ ዳር ውኃ ጠምቷቸው እንደ ተቀመጡ ሳስብ፣ አንገቴን የማስገባበት ጠፋኝ። ይህ ድንበር አንድ ጊዜ እኛን ወዲህ፣ አንድ ጊዜ እነርሱን ወዲያ ሲያሻግር ኖሯል። ዛሬ እንግዳ የሚቀበል ሰው ነገ እንግዳ እንደሚሆን ለመተማና ለገላባት ሰው መንገር አያስፈልግም፤ አይቶታል።

ፍትሕ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከላይ እንዲወርድልን እንጠብቃለን። ይውረድ፤ መጠየቅም ይገባል። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት ፍትሕ ግን የተጀመረው፣ አንዲት ድምፅ ያልነበራት ሴት ሒሳብ ሠርታ በስብሰባ ላይ በማቅረቧ ነው። ርኅራኄ በእኔም ልብ ነበር፤ ልጁ የሞተ ሌሊትም ነበር። የጎደለው ርኅራኄው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ መዝጋቢ፣ መዋጮ፣ ተራ፣ ድስት። ሴቶቹ ያን መንገድ በሰንዱቃቸው ጠርገውት ስለ ቆዩ እኛ ተከተልናቸው።

ስለዚህ በዚህ ድንበር ወዲህና ወዲያ የምትኖሩ ወገኖቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። የእድራችሁን ደንብ አውጥታችሁ አንብቡ። ስሙ በመዝገብ የሌለ ሰው ሌሊት ቢሞት ደንባችሁ ምን እንደሚል እዩ፤ ታሞ ሳለስ ምን ይላል? መልሱ ካሳፈራችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ሻይ ሻጯን ጥሩና እርሷ ትናገር። እኛም ሰሊጡ ሳይታጨድ አዲስ ድስት ለመግዛት መዋጮ ጀምረናል። ገንዘቡ ገና ግማሹ ነው የተሰበሰበው። ቀይ ቀለሙ ግን ከእኔ ዘንድ አለ።